ከጨዋታ ቤት ወደ ራፕ ዘፈን፤ በመርካቶ ዐይን የታየ አጭር ጥናት

በመርካቶ በርበሬ በረንዳ የሚነግዱ አክስት አሉኝ። ባለፈው ክረምት ኮሌጁ ተዘግቶ እርሳቸው ዘንድ ሰንብቼ ሳለሁ አንድ ጥያቄ አቀረቡልኝ። የ16 ዓመት ልጃቸው ከትምህርት ቤት ሲመለስ በሚዛኑ አጠገብ መቆሙን ትቶ በፕሌይስቴሽን ቤት መዋል ጀምሯል፤ ሲጫወት የሚናገረውንም በስልክ እየቀዳ በዩቲዩብ ያወጣል፤ አሁን ደግሞ «ራፕ ዘፋኝ እሆናለሁ፤ ትምህርት ለዚህ አይረባኝም» ብሏል። አክስቴ፥ «ልጄ፥ አንተ የተማርህ ነህና ንገረኝ፤ ከቁማር ቤት ወደ ዘፋኝነት የሚወስድ መንገድ አለ ወይ? ይህ ሥራ ነው ወይስ ሥራ ፈትነት?» አሉኝ።

ጥያቄው ቀላል መስሎኝ ነበር፤ ለመመለስ ስሞክር ግን በቂ ዕውቀት እንደሌለኝ ተረዳሁ። ስለዚህ ሦስት ቀን ከልጁ ጋራ ወደ ጨዋታ ቤቱ ሄጄ ተቀመጥሁ። በዚያ ያየሁትንም በዚህ መንገድ ስለ ሄደ አንድ የታወቀ ሰው ከሚነገረው ጋራ አስተያይቼ ከዚህ ቀጥሎ ለማስረዳት እሞክራለሁ። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የታወቀው ሰው ኬኤስአይ በሚል ስም የሚጠራው ኦላጂዴ ኦላቱንጂ ነው። በ1993 በለንደን የተወለደ፥ የናይጄሪያ ዝርያ ያለው እንግሊዛዊ ነው። በ2009፥ ገና የ16 ዓመት ልጅ ሳለ፥ ፊፋ የተባለውን የኮምፒዩተር እግር ኳስ እየተጫወተ፥ ሲያገባ እየጮኸ፥ ሲገባበት እየተቈጣና እየቀለደ፥ ይህንኑ በቪዲዮ እየቀዳ በዩቲዩብ ማውጣት ጀመረ። ተመልካቹ እየበዛ፥ ገቢም እያገኘ በሄደ ጊዜ ትምህርቱን ተወ። በ2015 ፒ መኒ ከተባለ ራፐር ጋራ «ላምቦርጊኒ» የተባለውን ዘፈን አወጣ። በ2020 «ዲሲሙሌሽን» የተባለው አልበሙ በእንግሊዝ አገር የአልበሞች ሰንጠረዥ ሁለተኛ ሲሆን፥ በ2021 ያወጣው «ኦል ኦቨር ዘ ፕሌስ» አንደኛ ሆነ።

ልጆቻችን የዚህን ሰው ስም ሲጠሩ የሚያስቡት ያንን አንደኛነት ነው። አቆጣጠሩን ግን ልብ ማለት ይገባል። ከመጀመሪያው የጨዋታ ቪዲዮ እስከ «ላምቦርጊኒ» ስድስት ዓመት፥ ከዚያም እስከ አንደኛነቱ ሌላ ስድስት ዓመት አልፏል። በዚህ መንገድ ጀምረው ከዚህ ሳይደርሱ የቀሩትም እጅግ ብዙ ናቸው። እንግዲህ መንገዱ አለ ወይ ለሚለው ጥያቄ መልሱ «አለ» ነው፤ ነገር ግን ምን ዓይነት መንገድ እንደ ሆነ በሦስት ክፍል እንመልከተው።

ሀ) ደንበኛን ይዞ ስለ መሄድ

የመርካቶ ሰው ይህን ክፍል ለመረዳት አይቸገርም። ገበያው ራሱ ቀድሞ በአራዳ፥ በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አካባቢ ነበር። ኢጣልያኖች አገራችንን በወረሩበት ዘመን፥ ከ1936 እስከ 1941 ባለው ጊዜ፥ የአገሬውን ገበያ ወደ ምዕራብ አዛውረው ዛሬ አዲስ ከተማ በሚባለው ሰፈር አቋቋሙት፤ ገበያተኛውም ተከትሎ ሄደ። ነጋዴውም እንዲሁ ነው። ከጉራጌ ወይም ከሌላ አገር ባዶ እጁን የመጣ ልጅ ሊስትሮ ሆኖ ጫማ በመጥረግ ይጀምራል፤ ጥቂት ገንዘብ ሲቋጥር ማስቲካና ሶፍት፥ ካልሲና ምላጭ በሣጥን ደርድሮ በአንገቱ ያንጠለጥላል፤ ይህም ሱቅ በደረቴ ይባላል፤ ሲሳካለት ደግሞ የሱቅ ጥግ ይከራያል። ሥራው ሁለት ጊዜ ተለወጠ ማለት ነው። ነገር ግን ትናንት ጫማውን ያስጠርግ የነበረው ሰው ዛሬ ካልሲ የሚገዛው ከእርሱ ዘንድ ነው።

ኬኤስአይ ያደረገው ይኸንኑ ነው። ሰዎቹ መጀመሪያ የመጡት ጨዋታውን ለማየት ነበር፤ እየቈዩ ግን ድምፁንና ቀልዱን ለመዱ። ዘፈን ባወጣ ጊዜም አዲስ ሰው መፈለግ አላስፈለገውም፤ የለመዱት ሰዎች ከፊሎቹ ተከትለውት ሄዱ።

በአገራችን የዘፈን ንግድ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነበር። በዘውዱ ዘመን በወጣ ድንጋጌ ሸክላ የማሳተምና ከውጭ የማስመጣት መብት ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ የተሰጠ ነበር። አቶ አምኃ እሸቴ ገና በሃያዎቹ ዕድሜ መጀመሪያ ላይ ሳሉ ይህን ክልከላ ደፍረው በ1969 «አምኃ ሪከርድስ»ን አቋቁመው የአለማየሁ እሸቴን ሸክላ አወጡ። ከዚያ በኋላ ካሴት ሲመጣም ዘፋኙ ግጥሙንና ዜማውን ይዞ ሄዶ በመጀመሪያ ባለ ሙዚቃ ቤቱን ማሳመን ነበረበት። ሕዝቡ የሚያውቀው ሙዚቃ ቤቱ ካመነ በኋላ ነበር። ዛሬ ግን አንድ የበርበሬ በረንዳ ልጅ ማንንም ሳያስፈቅድ ድምፁን ለሕዝብ ያሰማል። ይህ ትልቅ ለውጥ ነው።

ሆኖም ሁለት ነገር መታወቅ አለበት። አንደኛ፥ ይህ ገበያ ባለቤቱ ሌላ ነው፤ በአንድ ቀንም ሊዘጋ ይችላል። በጁን 2020 መጨረሻ በአገራችን ኢንተርኔት ተቋርጦ ሦስት ሳምንት ያህል ቈይቷል፤ ከፌብሩዋሪ እስከ ጁላይ 2023 ደግሞ ዩቲዩብ፥ ፌስቡክ፥ ቲክቶክና ቴሌግራም ተገድበው ነበር። ሁለተኛ፥ ዕቃው የራስ መሆን አለበት። በ2004 የወጣው የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 የዘፈንን ደራሲና ተጫዋች መብት ይጠብቃል። የአክስቴ ልጅ ግን ከኢንተርኔት ባወረደው በሌላ ሰው ምት ላይ ሲናገር አገኘሁት። «ይህ የማን ነው?» ብዬ ብጠይቀው «የማንም አይደለም፥ በነጻ የተገኘ ነው» አለኝ። የሰው በርበሬ በራሱ ጆንያ ከትቶ የሚሸጥ ነጋዴ በእናቱ ሠፈር ምን እንደሚባል ያውቃልና፥ በዚህ ምሳሌ ሳስረዳው ዝም አለ። የአገራችን ሙዚቀኞች የድካማቸውን ዋጋ ለማግኘት ብዙ ታግለዋል፤ ኤልያስ መልካና ባልደረቦቹ በ2019 «አውታር» የተባለውን የሙዚቃ መሸጫ ያቋቋሙት ስለዚሁ ነው።

ለ) ምላስ በጨዋታ ላይ ስለ መሠልጠኑ

አክስቴ የጨዋታ ቤቱን «ቁማር ቤት» የሚሉት ተሸናፊ ስለሚከፍል ነው። እንዳየሁት ግን ተሸናፊው የሚከፍለው የሁለቱንም የጨዋታ ሒሳብ ለቤቱ ባለቤት ነው እንጂ አሸናፊው የሚወስደው ገንዘብ የለም። ክፍሉ ጠባብና ጨለም ያለ ነው፤ ቴሌቪዥኖች በግድግዳው ተደርድረዋል። በእያንዳንዱ ፊት ሁለት ልጆች ተቀምጠው ይጫወታሉ፤ ከኋላቸው ተራ የሚጠብቁ አምስት ስድስት ይቆማሉ። ጨዋታው ስሙ ከ2023 ጀምሮ ቢለወጥም ልጆቹ ዛሬም «ፊፋ» ይሉታል።

እኔን ያስደነቀኝ ቴሌቪዥኑ ሳይሆን ከኋላ የቆሙት ልጆች ንግግር ነው። አንዱ እንደ ሬዲዮ ጋዜጠኛ ጨዋታውን ያስተላልፋል፤ ሌላው ይቀበለዋል፤ ሦስተኛው ተሸናፊውን ይነቅፋል። ጎል ሲበዛበት «ይህ በረኛ እንደ ሰባተኛ መንገድ ሁሉን ያሳልፋል» ይሉታል። የአክስቴ ልጅ ደግሞ በዚህ የታወቀ ስለ ሆነ ነገሩን ቤት ያስመታዋል፤ በፊቴ ሳያስብ የተናገረው የሚከተለው ነው፤

ኳስህ እንደ ገንዘብ፥ ከእጅህ በረረ፤
በረኛህ ሚዛን ላይ፥ እንደ ጆንያ ቀረ።

ልጁ ዘፈን አልተማረም። ይህን የተማረው ከኋላ ቆሞ ተራ ሲጠብቅ ነው። የራፕም አጀማመር ከዚህ የራቀ አይደለም። በኒውዮርክ ከተማ ብሮንክስ በተባለው ሰፈር በኦገስት 11 ቀን 1973 የተደረገ አንድ ግብዣ የሂፕ ሆፕ መነሻ ተደርጎ ይቈጠራል፤ ሸክላውን ያጫወተው በጃማይካ የተወለደው ክላይቭ ካምቤል፥ በመድረክ ስሙ ዲጄ ኩል ኸርክ ነበር። በእንደዚያ ባሉት ግብዣዎች ማይክሮፎን የያዘው ሰው የመጀመሪያ ሥራው መዝፈን አልነበረም፤ በሸክላው ላይ እየተናገረ ጭፈራውን ማሟሟቅ፥ የመጡትንም በስም እየጠራ ማሞገስ ነበር። ያ ንግግር እያደር ቤት እየመታ ራሱን የቻለ ጥበብ ሆነ። በአንድ ነገር ላይ መናገር ከዚያ ነገር ተለይቶ ዘፈን ሆነ ማለት ነው።

ይህ ለእኛ እንግዳ አይደለም። በገና በዓል ሰሞን በቆልማማ ዱላ ጥንግ እየመቱ የሚጫወቱት የአገራችን ልጆችና ጎልማሶች፥ አንዱ ወገን ሌላውን በግጥም መንቀፍ የጨዋታው ክፍል ነው። አሸናፊው የተሸናፊውን መልክ፥ ሩጫና ሰፈር እያነሣ ይገጥምበታል፤ ጌታውም ከሎሌው የሚሰማውን ነቀፋ በዚያን ዕለት በቁጣ አይመልስም። ልጆቹ ይህን ጥበብ ከውጭ ብቻ የቀዱት የሚመስላቸው ሰዎች የገናን ጨዋታ ቢያስታውሱ መልካም ነው። ቴዲ ዮ የተባለው ራፐር የጉራጌን ምት ከራፕ ጋራ አዋሕዶ «ጉራጌቶን» ባለ ጊዜ ብዙ ሰው የወደደው፥ የለመደውን ምት በአዲሱ ንግግር ውስጥ ስላገኘው ይመስለኛል።

ሐ) የሜዳው ወሰን

ነገር ግን በገና ጨዋታና በዩቲዩብ መካከል አንድ ትልቅ ልዩነት አለ፤ የዚህ ጽሑፍ ዋና አሳብም እርሱ ነው። የገና ነቀፋ ወሰን አለው። ሜዳው ይታወቃል፤ ቀኑ ይታወቃል፤ ሲመሽ ሁሉም ዱላውን ይዞ ወደ ቤቱ ይገባል፤ የተነቃቀፉትም በማግሥቱ ጎረቤት ናቸው። እኔ በተማርሁበት የሚስዮን ትምህርት ቤት በኳስ ሜዳ ክፉ ቃል የተናገረ ልጅ ከጨዋታ ይወጣ ነበር፤ ያን ጊዜ ሕጉ ከመጠን በላይ የጠበቀ ይመስለኝ ነበር። ወሰን ግን ነበረው፤ ሁላችንም እናውቀው ነበር። በቪዲዮ የወጣ ቃል ግን ሜዳም ምሽትም የለውም። አባቶቻችን «ከአፍ ከወጣ አፋፍ» ያሉት ቪዲዮ ሳይኖር ነው።

ኬኤስአይ እንኳ ከዚህ አላመለጠም። በ2023 ከጓደኞቹ ጋራ ባደረገው የጨዋታ ቪዲዮ ላይ የእስያ ተወላጆችን የሚሰድብ ቃል ተናግሮ ብዙ ወቀሳ ስለ ደረሰበት በአደባባይ ይቅርታ ጠይቋል። ቃሉ የተነገረው በሳቅ መካከል ነበር።

በእኛም ቤት የሆነው ይህ ነው። የአክስቴ ልጅ በአንደኛው ቪዲዮ የተሸነፈውን ጓደኛውን ሲነቅፍ የወላጆቹን አገርና አነጋገር የሚነካ ቤት መታ። በክፍሉ የነበሩት ሁሉ ሳቁ፤ የተነቀፈውም ልጅ አብሮ ሳቀ። በአምስተኛው ቀን ግን የልጁ ታላቅ ወንድም ያንኑ ቪዲዮ በሌላ ሰው ስልክ አይቶ እየተቈጣ ወደ አክስቴ ሱቅ መጣ። መርካቶ ከየአገሩ የመጣ ሰው ትከሻ ለትከሻ ቆሞ የሚነግድበት ስፍራ ነውና እንዲህ ያለው ነገር ቶሎ ይዛመታል። ደግነቱ ነገሩ በሽማግሌና በቡና አለቀ፤ ቪዲዮውም ተደመሰሰ። ከመደምሰሱ በፊት ስንት ሰው እንደ ቀዳው ግን የሚያውቅ የለም። አክስቴ ጥያቄውን የጠየቁኝ ከዚህ በኋላ ነው።

መልሴንም እንዲህ ብዬ ሰጠኋቸው። መንገዱ አለ፤ ሥራም ነው፤ ግን ረጅምና ዋስትና የሌለው ሥራ ስለ ሆነ ትምህርቱን ሊያስተወው አይገባም። ልጁ ያለው ሀብት ምላሱና የለመዱት ጥቂት ሰዎች ናቸው። ምቱን የራሱ ያድርግ ወይም ባለቤቱን ያስፈቅድ፤ የሚነቅፈውም ጨዋታን እንጂ ትውልድን አይሁን።

አክስቴም፥ «ይህንማ እኔ በሚዛኑ ስነግረው የኖርሁት ነው፤ ደንበኛ በምላስ ይያዛል፥ በምላስም ይጠፋል» አሉ። ከዚያ ወዲህ ልጁ ግጥሙን ከማውጣቱ በፊት በሱቁ ቁጭ ብሎ ያነብላቸዋል። ባለፈው ቅዳሜ አንዱን ቤት ሰርዘውበታል፤ ሌላውን ደግሞ ከእርሱ በተሻለ ቃል አርመውለታል። ትምህርቱን ስለ መቀጠሉ ግን ክርክሩ ገና አላለቀም።

እኔ ያየሁት አንድ ሰፈርና አንድ የጨዋታ ቤት ብቻ ነው። ስለዚህ በሌላ ሰፈር ወይም በክፍለ አገር ከተሞች እንዲህ ያለውን የጨዋታ ንግግር የሰማ ተማሪ ቢኖር ግጥሞቹን ከነአነጋገራቸው ጽፎ ለዚህ መጽሔት እንዲልክ፥ የተሳሳትሁትንም እንዲያርምልኝ በትሕትና እለምናለሁ።