አስታማሚዋን ማን ይተካት?

እንጅባራ ላይ ከሰኔ እስከ መስከረም ብርድ ልብስ አጥቦ ማድረቅ ራሱን የቻለ ሥራ ነው። ፀሐይ ወጣች ተብሎ የተሰጣው ውኃው ተንጠፍጥፎ ሳያልቅ ካፊያው ይጀምራል። ያን ጊዜ ተሰብስቦ ይገባና ምድጃው አጠገብ ተንጠልጥሎ፣ ጭስ ጭስ እየሸተተ ይደርቃል። ቤቷ ውስጥ የአልጋ ቁራኛ ያለባት ሴት ይህን ታውቀዋለች። እኔ ያወቅሁት እናቴን ስትሮክ መትቷት ግራ ጎኗ ከከዳት ወዲህ ነው።

የእኛ ቤት ቀን የሚከፋፈለው በጎን ነው። አሁን በቀኝ ጎኗ ተኝታለች፤ ከሁለት ሰዓት በኋላ በጀርባዋ ትሆናለች፤ ከዚያ በግራ። ሳትገላበጥ ከቆየች ዳሌዋና ተረከዟ መጀመሪያ ይቀላል፣ ቀጥሎ ይላጣል፣ ከተላጠ ደግሞ ለመዳን ወራት ይፈጃል። አጥሚቱም በትንሽ ማንኪያ፣ አገጯን ወደ ደረቷ ዝቅ አድርጎ፣ የመጀመሪያውን ጉርሻ መዋጧን አይቶ ነው የሚሰጠው። ከተቻኮሉ ትን ይላታል። ሌሊቱም ከቀኑ አይለይም።

ጠያቂ አይጠፋም፤ አገራችን በዚህ አትታማም። ጎረቤት ብርቱካንም ዳቦም ይዞ ይመጣል፣ «እግዜር ይማርልሽ» ይላል፣ ቡና ጠጥቶ ይሄዳል። ቡናውን የማፈላው እኔ ነኝ። ምርቃቱን እወደዋለሁ። ግን የአስታማሚዋም አካል እንደሚጎዳ፣ ጉዳቱም ተለክቶ እንደታወቀ ሰው ሁሉ ቢሰማው ደስ ይለኛል። እ.ኤ.አ. በ1995 በአሜሪካ ኦሃዮ ተመራማሪዎች የመርሳት ሕመም ያለባቸውን ዘመዶቻቸውን የሚያስታምሙ 13 ሴቶችን፣ በዕድሜና በገቢ ከሚመስሏቸው 13 ሴቶች ጋር አነጻጸሩ። በሁሉም ክንድ ላይ አንድ ዓይነት ትንሽ ቁስል አደረጉና እስኪድን ተከታተሉት። የአስታማሚዎቹ ቁስል በአማካይ ዘጠኝ ቀን ያህል ዘግይቶ ዳነ። ከአራት ዓመት በኋላ የወጣ ሌላ የአሜሪካ ጥናት ደግሞ የትዳር ጓደኞቻቸውን እያስታመሙ ጫናው የከበዳቸው አረጋውያን በአራት ዓመት ውስጥ የመሞት ዕድላቸው ማስታመም ከሌለባቸው እኩዮቻቸው በ63 በመቶ ከፍ ብሎ እንደተገኘ ጻፈ። እኔ ይህን ሳነብ ደነገጥሁ። ምሽት ላይ እጄ የሚንቀጠቀጠው፣ ጉንፋን የማይለቀኝ፣ በትንሽ ነገር እንባዬ የሚመጣው በእምነት ማነስ አልነበረም።

በውጭው ዓለም ለዚህ መላ ካበጁት መካከል ጥቁር አሜሪካውያን ሴቶች አሉበት። ከቤተሰብ ማስታመም ለጥቂት ቀናት ወጥተው፣ ዛፍና ውኃ ያለበት ቦታ ከመሰሎቻቸው ጋር እየተራመዱ፣ እየተኙ፣ እያወሩ የሚያርፉበት ዝግጅት አላቸው። ለብቻቸው ማድረጋቸው ምክንያት አለው። ቨርጂኒያ ያለው የሼናንዶዋ ብሔራዊ ፓርክ ለምሳሌ ጥቁሮችን ለብቻቸው የሚያሳርፍ የተለየ ስፍራ ነበረው፤ ልዩነቱ የተነሣው እ.ኤ.አ. በ1950 አካባቢ ነው። እናቶቻቸው የሰው ልጅና የሰው ሽማግሌ ሲንከባከቡ ኖረው ጫካው ግን የእነርሱ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2010 ሞርጋን ዲክሰንና ቫኔሳ ጋሪሰን «ገርልትሬክ» የተባለውን የጥቁር ሴቶች የእግር ጉዞ እንቅስቃሴ ሲመሠርቱ የጠየቁት ቀላል ነገር ነበር፤ ጫማሽን አጥልቂና በቀን ለግማሽ ሰዓት ተራመጂ። ጃፓኖችም እ.ኤ.አ. ከ1982 ጀምሮ በመንግሥት የደን መሥሪያ ቤታቸው በኩል ሰው ጫካ ገብቶ ቀስ ብሎ እንዲቆይ ሲያበረታቱ ኖረዋል። እ.ኤ.አ. በ2019 ደግሞ እንግሊዝ ውስጥ ወደ 20 ሺህ የሚጠጉ ሰዎች ተጠይቀው፣ በሳምንት ሁለት ሰዓትና ከዚያ በላይ በተፈጥሮ ውስጥ የሚያሳልፉት ጤንነታቸውም ስሜታቸውም የተሻለ ሆኖ ተገኘ። ጤናማ ሰው መጀመሪያውኑ ወደ ውጭ ይወጣ ይሆናል፤ ስለዚህ ጥናቱ ብቻውን ሁሉን አያስረዳም። እኔን ያስደሰተኝ ግን ሁለቱ ሰዓት በአንድ ጊዜም ሆነ ተከፋፍሎ ቢመጣ ልዩነት አለማሳየቱ ነው። ለአስታማሚ የሚገኘው የተቆራረጠ ሰዓት ነውና።

እኛ አገርም ለመዳን ከቤት መውጣት የቆየ ነው። ጠበል እንሄዳለን፤ ሱባኤ እንይዛለን። እናቴን ወደ ሰከላ፣ ግሽ ዓባይ፣ ዓባይ ከሚመነጭበትና የአቡነ ዘርዓ ብሩክ ስም ከሚነሣበት ስፍራ ይዘናት ሄደን ነበር። ውኃ የሚቀዳው፣ ልብስ የሚያጥበው፣ ስንቅ የሚያዘጋጀው እዚያም አስታማሚ ነው። ነገር ግን ማለዳ ተጠምቀው በሽተኞቹ እንቅልፍ ሲወስዳቸው እኛ ልጆቻቸው፣ ሚስቶቻቸው፣ እህቶቻቸው ሣሩ ላይ ፀሐይ እየሞቅን እንቀመጣለን። አንዷ ቆሎ ታወጣለች። ለዘመድ የማይነገረው ሁሉ እዚያ ይነገራል፤ መሰልቸቱ፣ ንዴቱ፣ አንዳንዴም «ምናለ ባበቃ» የሚለው ሐሳብና እርሱ ጥሎት የሚሄደው ጸጸት። ያቺ የጠዋት ሰዓት እንደ ሴት ያረፍሁባት ናት።

ለእንዲህ ያለ ዕረፍት እዚህ አዊ ዞን ላለች ሴት ቦታ አልጠፋትም። ከእንጅባራ ወደ ቲሊሊ በሚወስደው አስፋልት ጥቂት እንደሄዱ ዘንገና አለ፤ እሳተ ገሞራ የፈጠረው፣ ክብ፣ ዙሪያውን ዛፍ የከበበው ጥልቅ ሐይቅ። ባጃጅ ያደርሳል። አፋፉ ላይ ቆመው ሲያዩት ውኃው ጠቆር ያለ ነው፤ ወደ ታች ሲወርዱ የመኪናው ድምፅ ይቀርና ቅርንጫፍ ላይ የሚዘሉት ጦጣዎች ይሰማሉ። ዳንግላ የምትኖረዋ ወዳጄ ይህን ያህል መንገድ መምጣት አትችልም፤ መንገድም ሁልጊዜ ክፍት አይደለም። እርሷ የምትቀመጠው ሰፈሯ ባለው የቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ፣ ጽድና ወይራው ሥር ነው። ይበቃታል። የቅርብ ጥላ ከሩቅ ሐይቅ ይሻላል ባይ ነኝ።

የጎደለን ተተኪ ነው። በግል ድርጅት የምትሠራ ሴት እናቷ ቢሞቱ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሦስት የሥራ ቀን ከደመወዝ ጋር ይሰጣታል። እናቷ በሕይወት ኖረው ቢማቅቁ ግን ለማስታመም ተብሎ የተለየ ፈቃድ የለም፤ ልዩና ከባድ ነገር ከገጠማት እስከ አምስት ተከታታይ ቀን ያለ ደመወዝ፣ እርሱም በዓመት ከሁለት ጊዜ ሳይበልጥ። እድራችንም እንዲሁ ነው። ድንኳን አለው፣ አግዳሚ ወንበር አለው፣ ትልልቅ ድስት አለው፤ የሚደርሰው ግን ነፍስ ስትወጣ ነው። ሊለወጥ እንደሚችል ደግሞ ታይቷል። በ1990ዎቹ ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ኤችአይቪ ቤቱን ሁሉ ሲያንኳኳ፣ ሕይወት የተባለው አገር በቀል ድርጅት ከእድሮች ጋር ሆኖ በጎ ፈቃደኞችን አሠልጥኖ ለታመሙት ቤት ለቤት እንክብካቤ ይሰጥ ነበር። እድር ለሕያው ሰው የደረሰበት ጊዜ ነበር ማለት ነው።

አራስ ቤትን ደግሞ እንይ። የወለደች ሴት እንድታርፍ ጎረቤቱ ሁሉ ያምናል፤ ገንፎው ይገነፋል፣ ውኃው ይቀዳል፣ ክርስትናው እስኪደርስ ለወንድ አርባ፣ ለሴት ሰማንያ ቀን «ለምን አትነሣም?» የሚላት የለም። ሴትን ማሳረፍ እንችልበታለን። ለአስታማሚዋ ያልፈቀድነው ይህንኑ ነው።

እኔ የያዝሁት ወንፈል ነው። ለእርሻና ለአጨዳ ዛሬ ለአንቺ ነገ ለእኔ የምንለውን ለማስታመም አዋልነው። ጎረቤቴ ከተወለደ ጀምሮ መቀመጥ የማይችል ልጅ አላት፤ እኔ እናቴ አለችኝ። ቅዳሜ ከሰዓት እርሷ እናቴ ዘንድ ትቀመጣለች፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እኔ ልጇ ዘንድ። ከባዱ ገንዘቡ ወይም ጊዜው አልነበረም፤ ገመናው ነበር። እናቴ ሰው ቤት ገብታ ራሷን ሳትሸፍን የማትቀመጥ ሴት ናት፤ የገዛ ጎረቤቷ ልብሷን ስትቀይራት እንዴት ታየው? የመጀመሪያው ቅዳሜ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ጎረቤቴ አልተቀየመችም። «እማማ፣ እኔንስ ስወልድ ማን አጠበኝ? እርስዎ አይደሉም እንዴ?» አለቻት። እናቴ በደህናው እጇ እጇን ያዘቻት። ጎረቤቴ ወደ እኔ ዞራ ደግሞ «ሂጂ አንቺ፣ እኔ አለሁ» አለችኝ።

«እናቷን ጥላ ሽርሽር ሄደች» የሚል አልታጣም። ዘንገና ደርሼ የማደርገው ነገር ግን ብዙ አይደለም። ስልኬን እዘጋለሁ፤ ጎረቤቴ አንድ ነገር ቢሆን ባጃጅ የሚነዳውን የአክስቴን ልጅ ትልካለች። ትንሽ እራመዳለሁ፣ ጋቢዬን አንጥፌ እተኛለሁ። ተመልሼ እናቴን ሳጎርስ አልቸኩልም፤ ልዩነቱን እርሷም ታውቀዋለች።

ወንፈሉ እንዲሰፋ የሚያስፈልገው ጥቂት ነው። በ1995 ዓ.ም. በተጀመረው መርሐ ግብር በየቀበሌው የተመደቡት የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች እናቶችን ሰብስበው ስለ ክትባትና ስለ መጸዳጃ ቤት ማስተማር ያውቁበታል። አንድ ከሰዓት ለዚህ ቢሰጡ አራት አምስት ሴት ተተኪ መሆን ትችላለች፤ የምትማረውም የማይንቀሳቀስ ሰው ወገብን ሳይጎዱ እንዴት እንደሚገለበጥ፣ ቆዳው የት የት እንደሚታይ፣ እንዴት እንደሚጎርስ፣ መቼ ሐኪም ቤት መሮጥ እንደሚገባ ነው። እኔ ለጎረቤቴ ይህን በወረቀት ጽፌ ከአልጋው ራስጌ ለጥፌላታለሁ፤ መድኃኒቱ በስንት ሰዓት እንደሆነ፣ የትኛው ጎን መቼ እንደሚዞር። ከታች እናቴ በቃሏ ያስጻፈችኝ አለ፦ ቡና ሲፈላ ጎኗ እንዲሆን፣ ሽታው እንዳያመልጣት።