ስለ ምድር ውስጥ ውሃ ልክና መዝገብ

ወንዝ በጐደለ ጊዜ ሰው ሁሉ አይቶ ይመክርበታል። ከምድር በታች ያለው ውሃ ግን ከዓይን የተሰወረ ነውና፥ ባልዲው ባዶውን እስኪወጣ ድረስ ስለ መጉደሉ የሚጠይቅ የለም። የይስሐቅ ሎሌዎችና የጌራራ እረኞች የተጣሉት ጉድጓዱ የማን ነው በማለት ነበር፤ ዛሬ ግን ከዚህ አስቀድሞ ውሃው ምን ያህል ነው ብሎ መጠየቅ ይገባል።

ነገሩ ይልቁንም ሕዝብ ለበዛበትና መሬት ለጠበበበት ለወላይታ ያስፈልጋል። ከሶዶ ወደ ምሥራቅ ወደ ብላቴ፥ ወደ ምዕራብም በሃላሌ በኩል ወደ ኦሞ ሲወረድ፥ ምድሩ ከእሳተ ገሞራ የወጣ ዓለት ስለሆነ ውሃው የሚገኘው በዓለቱ ስንጥቅ ውስጥ ነው። ስለዚህ የአንዱ ጉድጓድ ሞልቶ የጎረቤቱ ሊደርቅ ይችላል። በስምጥ ሸለቆው ወገን ደግሞ ፍሎራይድ አለ፤ በሊትር ከ1.5 ሚሊግራም ሲበልጥ ጥርስን፥ እጅግ ሲበዛም አጥንትን ይጐዳል። በግምት የሚቆፍር ሰው ገንዘቡን ከዓለት ውስጥ ይቀብራል።

በዳንግላ ወረዳ በዳንገሽታ ቀበሌ ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ የአገሩ ሰዎች ራሳቸው ዝናቡን፥ የወንዙንና የጉድጓዱን ውሃ ከፍታ እየለኩ በመዝገብ ጻፉ። የኒውካስል ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንትም መዝገቡን መርምረው የታመነ መሆኑን አረጋገጡ። ገበሬ ቁጥር ይይዛልን እያሉ ለሚጠራጠሩ ሹማምንት ይህ በቂ መልስ ነው፤ ደግሞስ ባሕረ ሐሳብን በቃሉ የሚያሰላ ደብተራ በሚገኝበት አገር ጥርጣሬው ከየት መጣ?

በሕንድ አገር በአንድራ ፕራዴሽ የነበሩት ገበሬዎች ከዚህም አልፈው ሄዱ። ከመዝራታቸው በፊት ተሰብስበው፥ ዝናብ ወደ ምድር ያስገባውንና ሰብሉ የሚጠጣውን አስልተው በግድግዳ ላይ ጻፉት። ያስገደዳቸው ሳይኖር ብዙዎቹ ሩዙን ቀንሰው ውሃ የማይፈጅ ሰብል ዘሩ።

በወላይታም ለዚህ የሚሆን መሠረት አለ። በሁምቦ የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበራት 2,728 ሄክታር የተራቈተ ተራራ ከልለው ከጉቶው ደን አብቅለዋል። ደን ዝናብን ወደ ምድር ያሰርጋል ይባላል፤ ስንት እንዳሰረገ ግን የሚመሰክረው በየወሩ የተለካ ጉድጓድ ነው።

የውሃ መሐንዲሶች ዛሬ ልኩን ሁሉ በኮምፒዩተር አስልተው የሚመጣውን ዓመት አስቀድመው ሊያመለክቱ ይችላሉ። ነገር ግን መዝገቡ ወደ ቢሮ ሄዶ በዚያው ከቀረ፥ የለካው ገበሬ በሁለተኛው ዓመት ገመዱን ይጥላል። ስለዚህ ግልባጩ በሃላሌ ይቅር፤ ለአዲስ የውሃ መሳቢያ ሞተር ፈቃድ ከመሰጠቱ በፊትም በጉባኤ ይነበብ። ጉድጓዱ ከአምናው በስንት ክንድ እንደ ወረደ ባለሞተሩም እንስራ ተሸካሚዋም በአንድነት ይስሙ።