የአንጥረኛው እጅ በቴሌቪዥን፤ ሕጉስ ምን ይላል?

በበዓላት ሰሞን የቴሌቪዥን ጣቢያዎች ከሚወዷቸው ዝግጅቶች አንዱ የዕደ ጥበብ ባለሙያን ጋብዞ በካሜራ ፊት ማሠራት ነው። አንጥረኛው መዶሻውን፣ ጉጠቱንና ሞረዱን ይዞ ይመጣል። አቅራቢዋ «እስቲ ያሳዩን» ትላለች፤ ከአሥር ደቂቃ በኋላ መስቀሉ ይታያል፣ ይጨበጨባል። ከጭብጨባው በኋላ ማን ምን መብት ይዞ ይወጣል የሚለው ጥያቄ ግን አይነሳም።

በመጀመሪያ ስለ ሥራው ጥቂት እንበል። በቆየው የአሠራር ዘዴ መስቀሉ አስቀድሞ በሰም ይቀረፃል። ሰሙ በጭቃ ይሸፈናል፤ ጭቃው ደርቆ እሳት ሲነካው ሰሙ ቀልጦ ይወጣና በተወው ባዶ ቦታ የቀለጠ ብር ይፈስበታል። ብሩ ሲበርድ ጭቃው ይሰበራል፤ አንድ ቅርፅ የሚወልደው አንድ መስቀል ብቻ ነው። የክር ጌጥ ከሆነ ደግሞ ብሩ ቀዳዳዎቹ እየጠበቡ በሚሄዱ የብረት ሳህን እየተሳበ ይቀጥናል፣ ይገመዳል፣ ይጠማዘዛል፣ ከዚያም ይበየዳል። አስቸጋሪው ቦታ ይህ ነው። መበየጃው ከብሩ ትንሽ ቀድሞ መቅለጥ አለበት፤ እሳቱ ትንሽ ካለፈ የቀናት ድካም ሟሙቶ አንድ ጠብታ ይሆናል። አባቶች ብሩን የሚያገኙት ብዙውን ጊዜ ጠገራውን ማርትሬዛ በማቅለጥ ነበር። አንዱ ጠገራ 28 ግራም ያህል ሲመዝን ከመቶ 83 እጅ ያህሉ ንጹሕ ብር ነው። ቴሌቪዥኑ ጭቃ እስኪደርቅ አይጠብቅምና «ቀደም ብሎ የተዘጋጀውን» አምጥቶ ይዘላል፤ ተመልካቹም ዋጋ ሲነገረው ለምን ተወደደ ይላል።

ወደ ሕጉ እንምጣ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 በአንቀጽ 5 ሐሳብን፣ አሠራርንና ዘዴን ከጥበቃ ውጭ አድርጓል፤ በአንድ ሥራ ውስጥ ቢገለጽም ሆነ ቢብራራ። እናም አንጥረኛው በአየር ላይ ያሳየውን አሠራር ያየ ሁሉ ቢሠራበት ከሳሽ የለውም። ይህ በራሱ ስህተት አይመስለኝም፤ በሰም ቀርፆ ማፍሰስ የአንድ ሰው ንብረት ሊሆን አይገባም። የሚገርመው ሌላው ነው። ይኸው አዋጅ ለዘፋኙ፣ ለተዋናዩና ለተወዛዋዡ የከዋኝነት መብት፣ ለጣቢያውም በሥርጭቱ ላይ መብት ይሰጣል። በዚያው ስቱዲዮ ተቀምጦ ብር የሚያቀልጠው ሰው ግን ከዋኝ አልተባለም።

ባዶ እጁን ነው ማለት ግን አይደለም። ጌጡን አስቀድሞ በወረቀት ነድፎት ከሆነ፣ የራሱ ፈጠራ እስከሆነ ድረስ ሥዕሉ ያለ ምዝገባ ጥበቃ አለው። የጌጡ ቅርፅ አዲስ ከሆነ በአዋጅ ቁጥር 123/1987 መሠረት በኢንዱስትሪያዊ ንድፍነት ሊመዘገብ ይችላል። ጥበቃው አምስት ዓመት ሆኖ ሁለት ጊዜ ለአምስት አምስት ዓመት ይራዘማል። ዋናው ቁም ነገር «አዲስ» የምትለዋ ቃል ነች፤ ሕዝብ ያየው ነገር አዲስነቱ ለክርክር ይጋለጣል። ስለዚህ መጀመሪያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን፣ ቀጥሎ ስቱዲዮ። የመበየጃው ቅልቅል የቤት ምስጢር ከሆነ ደግሞ አለመናገር ነው፤ ለአገር የተነገረ ምስጢር ምስጢር አይባልም።

የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 27 አለ፤ የሰው ምስል ያለ ፈቃዱ በአደባባይ አይለጠፍም፣ አይባዛም፣ አይሸጥም ይላል። ለአንድ የበዓል ፕሮግራም የተሰጠ ፈቃድ በእኔ አስተያየት ለሳሙና ማስታወቂያ የተሰጠ ፈቃድ አይደለም። ነገር ግን ባለሙያው ሳያነብ የሚፈርማት አንዲት ገጽ «ለማንኛውም ዓላማ» የሚል ሐረግ ካለባት ክርክሩ ይከብደዋል።

ባለእጅን «ቡዳ»፣ «ቀጥቃጭ» እያልን ያገለልን ሰዎች ነበርን። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. በሙያው ምክንያት ሰው እንዳይሰደብ በአዋጅ እስከመከልከል ደርሰዋል። ዛሬ ስድቡ በጭብጨባ ተተክቷል፤ ጥሩ ነው። ጭብጨባ ግን የከሰልና የብር ዋጋ አይከፍልም፤ ለዝግጅቱ የቀለጠውን ብር ማን ይከፍላል፣ ያለቀው ጌጥ ከማን ጋር ይቀራል፣ ስሙና የሱቁ አድራሻ በስክሪኑ ላይ ይጻፋል ወይ፣ ፊልሙስ ስንት ጊዜና የት ይታያል፤ እነዚህ ካሜራው ከመከፈቱ በፊት በጽሑፍ መስፈር ያለባቸው ናቸው።