በጀልባ ላይ ጎጆ መውጣት

የመቐለ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው ልብስ እየተሰፋ ወደ ውጭ አገር እንዲላክበት ታስቦ ነው። አገራችን የባሕር በር ስለሌላት፣ እንዲህ ያለው ዕቃ በኮንቴይነር ታሽጎ፣ በጭነት መኪና ተጉዞ፣ ከመርከብ የሚገናኘው ጅቡቲ ወደብ ሲደርስ ነው። በመንገድ ላይ ከምታዩአቸው ኮንቴይነሮች አጭሩ 6 ሜትር ያህል ርዝመትና 2.4 ሜትር ያህል ወርድ አለው። እስቲ አንድ ጊዜ ቆም ብላችሁ ይህን ስፋት በዓይነ ኅሊናችሁ ለኩት። በዚህ ውስጥ ባልና ሚስት አልጋቸውን፣ ማብሰያቸውን፣ ልብሳቸውንና የወራት ስንቃቸውን አኑረው ለዓመታት ይኖሩበታል ቢባል ታምናላችሁን?

ሊን እና ላሪ ፓርዲ የተባሉ ባልና ሚስት የኖሩት ከዚህ ብዙም በማይበልጥ ቤት ነበር። ሚስቲቱ አሜሪካዊት፣ ባልየው ካናዳዊ ናቸው። በካሊፎርኒያ ከሦስት ዓመት በላይ ደክመው በእጃቸው የሠሯትን «ሴራፊን» የተባለች የእንጨት ጀልባ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1968 ውኃ ላይ አሳረፏት። ርዝመቷ 7.4 ሜትር፣ ወርዷ 2.7 ሜትር ያህል ነበር። ሞተር አልነበራትም፤ ነፋስ ሲኖር በሸራ፣ ነፋስ ሲጠፋ በረጅም መቅዘፊያ ትሄድ ነበር። ማታ ማታ የሚበራላቸውም የላምባ ፋኖስ ነበር። በ1969 የሜክሲኮን ጠረፍ ተከትለው ጉዞ ጀመሩ፤ ዐሥራ አንድ ዓመት ያህል ፈጅተውም ዓለምን ዞሩ። በመካከሉ በቀይ ባሕር በኩል አልፈዋል።

እንግዲህ ከመሬት ቤት ወደ ጀልባ ቤት ለመዛወር የሚነሡ ባልና ሚስት ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቁት «ምን እንያዝ?» ብለው ሳይሆን «ምን እንተው?» ብለው ነው። ቁም ሣጥኑ፣ ሶፋው፣ የእንግዳ ሳሕኑ ሁሉ ይሸጣል ወይም ለዘመድ ይሰጣል። ይህ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ፤ ከአያት የተወረሰ ዕቃ በተነሣ ጊዜ ብዙ ትዳር የሚፈተነው እዚህ ላይ ነው። ሆኖም ጀልባ ይሉኝታ አያውቅም። ከልኩ በላይ ከተጫነ ወደ ውኃው ይጠልቃል፤ ማዕበል በላዩ ይረማመድበታል። ከባድ ዕቃ ከፍ ባለ ቦታ ከተቀመጠም ነፋስ ያጋደለው ጀልባ ተመልሶ ለመቃናት ይቸገራል። ስለዚህ የውኃው በርሜል፣ የታሸገው ምግብ፣ የመልሕቁ ሰንሰለት ከወለሉ በታችና ወደ መካከል ይቀመጣሉ፤ ልብስና መኝታ ወደ ላይ ይወጣሉ።

ከጭነቱ ሁሉ የሚከብደው ግን የሚጠጣ ውኃ ነው። ለአንድ ሰው ለመጠጥና ለማብሰያ በቀን 4 ሊትር ቢመደብ፣ ለሁለት ሰዎች በወር 240 ሊትር ያስፈልጋል። ይህም 240 ኪሎግራም ማለት ነው፤ የባልና ሚስቱን የራሳቸውን ክብደት ደምራችሁ በሁለት ብታበዙት እዚህ ግድም ይደርሳል። በውኃ ላይ እየኖሩ ውኃ መሸከም የሚያስገርም ይመስላል። ምክንያቱ ጨው ነው። በአንድ ሊትር የቀይ ባሕር ውኃ ውስጥ 40 ግራም ያህል ጨው አለ። ኩላሊታችን ይህን የሚያክል ጨው ከሰውነታችን ለማስወጣት ከተጠጣው የበለጠ ውኃ ያባክናል፤ ስለዚህ የባሕር ውኃ የጠጣ ሰው ጥሙ ይብስበታል እንጂ አይረካም። በመቐለ ገበያ የኖረው አሞሌም የዚሁ ባሕር ልጅ ነው፤ በጥንት ዘመን ቀይ ባሕር ወደ ደናክል ዝቅተኛ ስፍራ ገብቶ ሲደርቅ ትቶት የሄደው ጨው ነውና።

ለዚህ ጨው ሲሉ በግመልና በበቅሎ ወደ አፋር ቆላ ይወርዱ የነበሩት አርሖዎች የመርከበኛን ስሌት አሳምረው ያውቁት ነበር። ውኃው ስንት ቀን ያደርሳል? እንስሳቱ ሲመለሱ ምን ይበላሉ? ሲወርዱ በመንገድ ላይ ሣር ያስቀምጡ የነበሩት ለዚህ ነው። የባሕር ተጓዥ ግን በመንገዱ ላይ የሚያስቀምጠው ነገር የለውም።

ስለ ምግብ ብዙ ማለት አያስፈልግም። ደገኛ ሁሉ ስንቅን ያውቃል፤ በሶ፣ ቆሎና ድርቆሽ ለጀልባም የተፈጠሩ ይመስላሉ። መጠንቀቅ የሚገባው ለማብሰያው ነው። የሲሊንደር ጋዝ ከአየር ስለሚከብድ፣ ካፈተለከ በጀልባው ሆድ ውስጥ ይጠራቀማል፤ አንዲት የክብሪት ፍንጣሪም ጀልባውን ታጋየዋለች።

አብዛኛው ሰው መሬት በዓይን እየታየ መጓዝ ከአደጋ የራቀ ነው ብሎ ያስባል። ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። በጥልቁ ባሕር መካከል ጀልባ የሚጋጨው ነገር ጥቂት ነው፤ በጠረፍ አጠገብ ግን ዐለት፣ ደለልና የዛጎል ድንጋይ አለ። ሌሊት የነፋሱ አቅጣጫ ተለውጦ መልሕቁ ከተነቀለ፣ ጀልባው ከዳር ለመላተም የሚፈጅበት ጊዜ ከደቂቃዎች ላይበልጥ ይችላል። በቀይ ባሕር ውስጥ ለውስጥ ያለውን ድንጋይ አሻግሮ ለማየት ፀሐይዋ ከፍ ብላ ከተጓዡ ጀርባ መሆን አለባት፤ ፊት ለፊት ከሆነች ውኃው እንደ መስተዋት ያብረቀርቃል። ስለሆነም ጠንቃቃ ተጓዦች ሳይመሽ ለመድረስ ያሰላሉ፤ አንዱ መሪውን ሲይዝ ሌላው ከፊት ቆሞ ይመለከታል።

ሁለቱም ሁሉን ሥራ መቻል ያለባቸው ለዚህ ነው። ባል ብቻ ሸራ የሚያወርድ፣ ሚስት ብቻ ስንቅ የምትቈጥር ከሆነ፣ አንዳቸው በታመሙ ቀን ጀልባው ግማሽ ሰው ይጐድለዋል። ሊን ፓርዲ ከባለቤቷ ጋር በተዋወቀችበት ጊዜ የመርከብ ሥራ አታውቅም ነበር፤ ኋላ ግን ስለ መርከበኞች አመጋገብና አያያዝ መጽሐፍ እስከ መጻፍ ደረሰች። ከመነሣት በፊትም ጀልባው ከወደብ ታስሮ ሳለ ጥቂት ሳምንታት ኖሮበት ማየት ይበጃል። ጣሪያው የት እንደሚያፈስ፣ የትኛው ድስት ትርፍ እንደሆነ፣ የተኛውን ሳይቀሰቅሱ ማለፍ ይቻል እንደሆነ የሚታወቀው ያን ጊዜ ነው፤ የጐደለውን ለመግዛትም ሱቁ ገና ቅርብ ነው።

ላሪ ፓርዲ በ2020 ዐረፉ። ባልና ሚስቱ ዓለምን ዞረው ከተመለሱ በኋላ «ታሌይሲን» የተባለች ሁለተኛ ጀልባ ሠርተው በ1983 ውኃ ላይ አሳርፈዋል። ዐሥራ አንድ ዓመት በጠባብ ቤት የኖሩ ሰዎች ሰፊ ቤት ይሠራሉ ብላችሁ ትጠብቁ ይሆናል። ርዝመቷ 9 ሜትር ብቻ ነበር፤ ሞተርም አላስገቡባትም።