ሞተሩ ቆመ፤ ጥፋቱ ግን የማን ነው?

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላሉ አበው። የኤሌክትሪክ ብስክሌት ግን በሽታውን አይደብቅም፤ የሚታጣው የሚያዳምጠው ሰው ነው። ይህን እስክረዳ ድረስ ብዙ ገንዘብ ላባክን ጥቂት ቀርቶኝ ነበርና፣ እንደኔው በጠባብ ደመወዝ ለሚኖሩ ወጣት ሠራተኞችና ለተማሪዎች ይጠቅም እንደሆነ በማለት የደረሰብኝን እነግራለሁ።

አንድ ማለዳ ወደ ሥራ ስገሰግስ፣ ከአራት ኪሎ ወደ ስድስት ኪሎ የሚወስደውን ዳገት እንደ ጀመርሁ ሞተሩ በድንገት ጠፋ። ከኋላዬ ይመጣ የነበረው ታክሲ ጡሩምባውን እያስጮኸ ለጥቂት ሳተኝ። ብስክሌቱን ወደ ዳር ስቤ ማብሪያውን ብነካው ሞተሩ ምንም እንዳልሆነ ሁሉ ተነሣ። በሜዳው ላይ ደኅና ሄደ፤ በማግሥቱ ግን እዚያው ዳገት ላይ ዳግመኛ ቆመ። ባትሪው ገና ግማሽ ያህል ኃይል ነበረው።

መካሪ አልጠፋም። አንዱ «ሞተሩ ተቃጥሏል፤ ለውጠው» አለኝ። ሌላው «ባትሪው አርጅቷል» ብሎ ፈረደ። አንድ ጠጋኝ ደግሞ «ባትሪው ውስጥ ኃይል የምትቆርጥ ሰሌዳ አለች፤ እርስዋን ዘልለን በሽቦ ብናገናኘው ከእንግዲህ አይቆምብህም» አለኝ። ይህ ሦስተኛው ምክር ርካሽ ስለ ነበር ልቤ ወደርሱ አዘነበለ።

ደግነቱ ነገሩን አስቀድሜ ለሠፈራችን ሬድዮ ጠጋኝ ሽማግሌ አጫወትኋቸው። «ልጄ፣» አሉኝ፤ «ዘበኛው ሌሊት ቢጮኽ ዘበኛውን ታባርራለህ ወይስ ሌባውን ትፈልጋለህ?» ቀጥለውም ሁለት ነገር ጠየቁኝ። «ሞተሩ ሲቆም ስክሪኑ አብሮ ይጠፋል ወይስ እንደ በራ ይቀራል? የሚቆመውስ የትና መቼ ነው?» እኔ በዩኒቨርሲቲ ስለ ኮረንቲ ብዙ ቀመር ተምሬ ሳለሁ፣ እነዚህን ሁለት ጥያቄዎች ለራሴ አለማቅረቤ አሳፈረኝ።

በመሠረቱ ሞተሩ የድሮ ሰው ነው። አሜሪካዊው ኦግደን ቦልተን በኋላ ጎማው ላይ ሞተር ለተገጠመለት ብስክሌት የፈጠራ መብት ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1895 ነው። አዲሱ ነገር ባትሪው ነው፤ የሊቲየም አዮን ባትሪ ለገበያ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ1991 ነበር። ይህ ባትሪ ትንሽ ሆኖ ብዙ ኃይል ይይዛል፤ አያያዙ ከተበላሸ ግን በእሳት ይቀጣል። ስለዚህ ጠባቂ ተመደበለት። ለምሳሌ ባለ 36 ቮልቱ ባትሪ በተርታ የተያያዙ 10 የሴል ክፍሎች አሉት፤ እያንዳንዱ ሲሞላ 4.2 ቮልት፣ በጠቅላላው 42 ቮልት ይሆናል። ከክፍሎቹ አንዱ ከመጠን በታች ቢወርድ ወይም ኮረንቲው ከልክ ቢያልፍ ሰሌዳዋ መንገዱን ትዘጋለች። ያ ጠጋኝ ላስወግድልህ ያለኝ እንግዲህ ይህችን ዘበኛ ነበር።

ሌሎች አዛዦችም አሉ። በብዙ ብስክሌቶች የፍሬኑ እጀታ ውስጥ ሞተሩን የምታቆም ትንሽ ማብሪያ አለች፤ እጀታው ሙሉ በሙሉ ካልተመለሰ፣ ሞተሩ ፍሬን የተያዘ እየመሰለው አይነሣም። በፔዳሉ አጠገብ ማግኔት የተሰካበት ክብ ሳህን አለ፤ ሳህኑ ከሴንሰሩ ከራቀ ወይም ጭቃ ከሸፈነው ፔዳሉ መዞሩ አይታወቅም። በአውሮፓ ኅብረት ሕግ መሠረት የተሠራ ተራ የኤሌክትሪክ ብስክሌት ደግሞ በሰዓት 25 ኪሎ ሜትር ሲደርስ ሞተሩ እገዛውን ያቆማል፤ ይህ ሕግ እንጂ ብልሽት አይደለም።

እንግዲህ የሽማግሌው ጥያቄ ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው። ስክሪኑ አብሮ ከጠፋ ምርመራው ከባትሪው፣ ከመገናኛዎቹና ከፊውዙ ይጀምራል። ስክሪኑ በርቶ ሞተሩ ብቻ ከቆመ የፍሬኑን ማብሪያ፣ የፔዳሉን ሴንሰርና ወደ ሞተሩ የሚገባውን ሽቦ መመልከት ነው። በዝናብ ቀን ብቻ ከሆነ ውኃ ገብቷል፤ በጎርባጣ መንገድ ከሆነ የላላ ነገር አለ፤ ከረጅም ዳገት በኋላ ቆሞ ሲቀዘቅዝ የሚነሣ ከሆነ ሙቀት ነው።

የኔው ስክሪኑም አብሮ ይጠፋ ነበር፤ የሚጠፋውም በዳገት ብቻ። ዳገቱን ወጥቼ ባትሪውን በእጄ ብወዘውዘው ስክሪኑ ጠፋ፤ መልሼ ብገፋው ሊበራ ቻለ። አጥፍቼ ባትሪውን ባወጣው፣ ከታች ከሚሰካባቸው ሁለት ብረቶች አንዱ ጠቁሮ ይፋጃል። ሂሳቡ ቀላል ነው። የላላው መገናኛ የአንድ ኦም አንድ አሥረኛ ያህል ቢከለክል፣ በሜዳ በ4 አምፔር የሚወጣው ሙቀት 2 ዋት አይሞላም፤ በዳገት በ15 አምፔር ግን 22.5 ዋት ይሆናል። ይህም ሬድዮ ጠጋኞች የሚበይዱበትን ትንሽ ብረት የሚያህል ሙቀት ነው። ሙቀቱ ብረቱን ያጠቁረዋል፣ የጠቆረው ብረት ይበልጥ ይከለክላል፣ በመጨረሻም ኮረንቲው ይቋረጣል። መገናኛው ተለወጠ፤ ዋጋውም ከአንድ ጥሩ ምሳ አልበለጠም። ሞተሩም ባትሪውም ከክሱ ነጻ ወጡ። ዘበኛዋን አስወግጄ ቢሆን ኖሮ ግን ብልሽቱ እንዳለ ይቀር፣ እኔም ጠባቂ በሌለው ባትሪ ላይ ተቀምጬ እሄድ ነበር።

ስለዚህ ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ ሞተራችሁ ሲቆም መጀመሪያ ከመንገድ ውጡ። ቦታውን፣ ሰዓቱንና የስክሪኑን ሁኔታ በማስታወሻ ጻፉ። ማንኛውንም ሽቦ ከመንካታችሁ በፊት ባትሪውን አውጡ። ከርካሹ ወደ ውዱ ሂዱ፤ በአንድ ጊዜም ከአንድ ነገር በላይ አትለውጡ፤ አለዚያ የዳነበትን መድኃኒት አታውቁትም። ያበጠ፣ የሸተተ ወይም ውኃ የገባበት ባትሪ ግን አይሞላም፣ በቤትም አይከፈትም፤ ለባለሙያ ይሰጣል።

በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገራችን እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ በኤሌክትሪክ የሚሄደው ነገር በየመንገዱ በዝቷል። መግዛቱን ከለመድን መመርመሩንም መልመድ ይገባናል። በየመሥሪያ ቤታችንም ቢሆን አንድ ሥራ ሲቆም ሰውየውን ለመለወጥ እንቸኩላለን፤ ትእዛዙ የት ላይ እንደ ተቋረጠ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። የኔ ሞተር ጥፋት አልነበረበትም፤ የሚሠራበት ኃይል ስላልደረሰው ብቻ ቆመ።