የቀላል ባቡሩ ርዝመት በደቂቃ ሲለካ

የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር መስከረም 9 ቀን 2008 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ቀድሞ የተከፈተው ከምኒልክ አደባባይ ቃሊቲ የሚደርሰው የሰሜን ደቡብ መስመር ነበር፤ ከአያት ጦር ኃይሎች የሚዘልቀው የምሥራቅ ምዕራብ መስመር ጥቅምት 29 ቀን ተከተለው። ሁለቱ ተደምረው ወደ 34 ኪሎ ሜትር ይረዝማሉ፤ ፌርማታዎቹ 39 ናቸው። ግንባታው 475 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር የፈጀ ሲሆን፣ 85 በመቶው ከቻይና ኤግዚም ባንክ በብድር የተገኘ ነው። ሥራውን ያከናወነውም የቻይና ተቋራጭ ነው። ለባቡሩ ዋሻ ሲባል የአቡነ ጴጥሮስ ሐውልት በ2005 ዓ.ም. ከቦታው ተነሥቶ በ2008 ዓ.ም. መመለሱን የከተማው ሰው አይዘነጋውም። ሐዲዱን በአራቱም አቅጣጫ የማስቀጠል ሐሳብ ገና ከጥንስሱ የነበረ ነው፤ ከተማዋ በሰፋች ቁጥርም ጥያቄው ይነሣል። ጥያቄው ሲነሣ ግን ሁልጊዜ ጠረጴዛ ላይ የሚዘረጋው ካርታ ነው፤ ባቡሩ የት ይድረስ ነው ክርክሩ። የዚህ ጽሑፍ ክርክር ከዚያ ይለያል። ለተሳፋሪው የባቡር መስመር ርዝመት በኪሎ ሜትር ብቻ አይለካም፤ ፌርማታ ላይ ቆሞ በሚያሳልፈው ደቂቃም ይለካል፤ ማስፋፊያው ይህን ደቂቃ ካላሳጠረ ደግሞ መስፋፋቱ በካርታው ላይ ብቻ ይቀራል።

ይህን ለመረዳት ባቡሩ እንዴት እንደሚሠራ ማየት ይጠቅማል። ከላይ በተዘረጋ ሽቦ 750 ቮልት ቀጥተኛ የኤሌክትሪክ ኃይል እየወሰደ የሚሄድ፣ ከመኪናው በአጥር ተለይቶ በራሱ ሐዲድ የሚጓዝ ባቡር ነው። አንዱ ባቡር ከ280 በላይ ሰው እንዲይዝ ታስቦ የተሠራ ነው፤ አብዛኛው ሰው ቆሞ ማለት ነው። ለሁለቱ መስመሮች በአጠቃላይ 41 ባቡሮች ተገዝተዋል፤ የምሥራቅ ምዕራቡ አረንጓዴ፣ የሰሜን ደቡቡ ሰማያዊ ቀለም ተቀብተው። ማደሪያና መጠገኛቸው አያትና ቃሊቲ ነው። ሁለቱ መስመሮች ከስታዲየም እስከ ልደታ ድረስ በድልድይ ላይ አንድ ሐዲድ ይጋራሉ፤ ስታዲየም፣ ለገሐር፣ ሜክሲኮ፣ ተግባረ እድና ልደታ የጋራ ፌርማታዎች ናቸው። ይህ የጋራ ክፍል የሁለቱም መስመሮች ጉሮሮ ነው። በዚያ ላይ አንድ ባቡር ከሌላው በ3 ደቂቃ ርቀት እንዲሄድ ቢፈቀድ፣ አረንጓዴውና ሰማያዊው ስለሚፈራረቁ እያንዳንዱ መስመር የሚያገኘው በ6 ደቂቃ አንድ ባቡር ነው። አያት ላይ ሐዲድ ብንጨምር ወይም ቃሊቲ ላይ ብናስረዝም ጉሮሮው አይሰፋም።

አሁን ትንሽ ሒሳብ እንሥራ፤ ቁጥሮቹ ለማሳያ ያህል የተጠጋጉ ናቸው። 17 ኪሎ ሜትር የሚሆን መስመር፣ ባቡሩ የሚቆምበትን ጊዜ ጨምሮ በሰዓት በአማካይ 20 ኪሎ ሜትር ቢጓዝ፣ ከጫፍ ጫፍ 51 ደቂቃ ይፈጃል። ደርሶ መልሱና በየጫፉ የሚዞርበት ጊዜ ሲደመር 2 ሰዓት ይሞላል። በዚህ መስመር ላይ 20 ባቡሮች ቢሰማሩ በየ6 ደቂቃው አንድ ይመጣል። ባቡሮቹ 8 ብቻ ከሆኑ ግን በየ15 ደቂቃው ነው። እንግዲህ በእነዚሁ 8 ባቡሮች መስመሩን በ5 ኪሎ ሜትር እናስረዝመው። ደርሶ መልሱ 2 ሰዓት ተኩል ይሆናል፤ በአንዱና በሚቀጥለው ባቡር መካከል ያለው ጊዜም ወደ 19 ደቂቃ ይሰፋል። በአዲሱ ጫፍ ያለው ነዋሪ ባቡር አገኘ፤ ነገር ግን ጉርድ ሾላ ወይም ሳሪስ የቆመው ሰው አራት ደቂቃ ተነጠቀ። ባቡር ሳይጨመር የሚረዝም ሐዲድ ያለውን አገልግሎት ቀጭን አድርጎ ማዳረስ ነው፤ ለአሥር ሰው የተሠራ ወጥ ውኃ እየጨመሩ ለሃያ እንደማቅረብ።

ይህ ሒሳብ የወረቀት ላይ ጨዋታ ብቻ አይደለም። ከተገዙት 41 ባቡሮች ውስጥ በመለዋወጫ ዕጦት ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ቆመው የከረሙበት ጊዜ አለ፤ ይህም በይፋ የተነገረ ነው። የተሳፋሪው ምሬት ሁሉ ወደዚህ ይመለሳል። ጠዋት ከአያት ሞልቶ የተነሣ ባቡር ሲኤምሲ ወይም መገናኛ ሲደርስ በሩ ቢከፈትም ሰው የሚገባበት ቦታ ያጣል። ስለዚህ በ15 ደቂቃ አንዴ የሚመጣ ባቡር ለዚያ ተሳፋሪ በግማሽ ሰዓት አንዴ የሚመጣ ባቡር ይሆናል። መጨናነቁ ራሱ ደግሞ ባቡሩን ያዘገያል፤ ሰው ለመውረድ ይጋፋል፣ በሩ አልዘጋ ይላል፣ የኋላው ባቡርም ይጠብቃል። ኪስ አውላቂም የሚመቸው ግፊያው ነው። በድልድይ ላይ ባሉት ፌርማታዎች ሊፍቱና ተንቀሳቃሽ ደረጃው በማይሠራበት ቀን ሽማግሌው፣ ነፍሰ ጡሯና በክራንች የሚሄደው ሰው ደረጃውን ወጥተው የሞላ ባቡር ከፊታቸው ሲያልፍ ያያሉ። ያም ሆኖ ሰው ባቡሩን አልተወውም። ምክንያቱም አንዴ ከተሳፈረ መንገድ አይዘጋበትም፤ ሒሳቡም ቀላል ነው፤ ሲጀምር 2፣ 4 እና 6 ብር ነበር። ረዳቱ «ሙሉ ነው፣ ግማሽ መንገድ ነው» እያለ መስመር ከሚቆራርጥበት ሚኒባስ ጋር ሲነጻጸር፣ ታሪፉና መድረሻው የታወቀ ነገር ትልቅ እፎይታ ነው። ሰው የሚያማርረው አገልግሎቱን ስለሚፈልገው ነው።

የሚቀርበው ዋና ተቃውሞ ይህ ነው፤ ከተማዋ ሐዲዱ ሲነጠፍ የነበረችው ከተማ አይደለችም። ከዳር ያሉት አዳዲስ ሰፈሮች፣ ኮዬ ፈጬ፣ ቱሉ ዲምቱና ቦሌ አራብሳ፣ በብዙ ሺሕ የሚቆጠር ቤተሰብ ገብቶባቸዋል። እነዚህን ሰዎች «መጀመሪያ የቆሙት ባቡሮች ይጠገኑ» ብሎ ማስጠበቅ ግፍ አይሆንም ወይ? ከዚህም የጠነከረ ሌላ መከራከሪያ አለ፤ ሁለት መስመር ብቻ ያለው ባቡር ጥቅሙ ውስን ነው፣ እያንዳንዱ አዲስ መስመር የነባሮቹንም ዋጋ ከፍ ያደርጋል የሚል። ይህ እውነት ነው፤ አልክደውም። ነገር ግን እውነት የሚሆነው መቀያየር ሲቀል ነው። ከአንዱ መስመር ወርዶ ሌላው ላይ የሚሳፈር ሰው ሁለት ጊዜ ይጠብቃል። ጥበቃው 3 ደቂቃ ሲሆን ብዙ አይሰማውም፤ 20 ደቂቃ ሲሆን ግን አንዱ ጥበቃ ሁለት ሆኖ ጉዞውን ይገድለዋል። ካዛብላንካን እንመልከት። የሞሮኮዋ ከተማ ትራሟን የከፈተችው እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2012 ነው፤ የመጀመሪያው መስመር 31 ኪሎ ሜትር ነበር፣ ከአዲስ አበባው ብዙም አይርቅም። ለዚያ ርዝመት የገዛችው ግን 74 ትራሞች ነው፤ እኛ ለ34 ኪሎ ሜትር 41። እርግጥ ነው እዚያ ሁለት ሁለቱ ተያይዘው ነው የሚሄዱት፣ ስለዚህ ንጽጽሩን አንድ ለአንድ መውሰድ አይገባም። ሁለተኛው መስመር በ2019፣ ሦስተኛውና አራተኛው በ2024 ሲከፈቱ ግን ሐዲዱ ብቻውን አልመጣም፤ አዲስ ትራሞችም አብረው ታዝዘው ነበር። እዚያ ማስፋፊያ ማለት ሐዲድና ባቡር አብረው ማለት ነው።

ቀጣዩ ተቃውሞ የገንዘብ ነው። የትኬቱ ዋጋ አነስተኛ በመሆኑ ባቡሩ ራሱን አይችልም፤ ታሪፉን ከፍ ማድረግ ነው መፍትሔው ይባላል። ታሪፉ ከነዳጅና ከኑሮ ውድነት ጋር እየታየ ሊስተካከል ይችላል፤ ግን የበሽታው ሥር እሱ አይመስለኝም። ገቢው ብር ነው፤ ብድሩና መለዋወጫው ዶላር ነው። በትኬት መስኮት የሚሰበሰብ ብር ቢበዛ የውጭ ምንዛሪ ሲገኝ እንጂ ለብሬክና ለኤሌክትሮኒክስ ካርድ አይሆንም። ደግሞም የከተማ ባቡር በትኬት ብቻ ራሱን የሚችልባቸው ከተሞች ጥቂት ናቸው፤ በሌላው ቦታ ጎደሎውን ሕዝቡ በግብሩ ይሞላል፣ በምትኩም ጊዜና አየር ያተርፋል። እኛ ዘንድ የተዘነጋው ባቡሩ ሲገዛ ለሚቀጥሉት ሠላሳ ዓመታት የሚያስፈልገው መለዋወጫና የጥገና ባለሙያ የግዢው አካል መሆኑ ነው። መኪና የሚገዛ ሰው እንኳ ዕቃው ገበያ ላይ ይገኝ እንደሆነ አስቀድሞ ይጠይቃል።

እንግዲህ ምንም አይጨመር ማለት ነው? አይደለም። ቅደም ተከተሉ ይታይ ነው የምለው። ባቡሮቹ ሲጠገኑ የመጀመሪያው ትርፍ ነባሩ 34 ኪሎ ሜትር ላይ ይታያል፤ አንድ ሜትር ሐዲድ ሳይነጠፍ በ15 ደቂቃ የሚመጣው በ6 ደቂቃ ሲመጣ፣ መስመሩ የሚያጓጉዘው ሰው ከእጥፍ በላይ ይሆናል። በዚያው ጊዜ ከአያትና ከቃሊቲ ጫፎች ወደ አዳዲሶቹ ሰፈሮች ከባቡሩ ሰዓት ጋር የሚገጥሙ አውቶቡሶች ማሰማራት ይቻላል፤ ለዚህ አስፋልቱ አለ። ከዚያ በኋላ ሐዲድ የሚረዝም ከሆነ ቀዳሚው ደካማ ጎን ግልጽ ነው፤ ወደ ጅቡቲ የሚሄደው ባቡር የሚነሣው ከለቡ ሲሆን ቀላል ባቡሩ ከዚያ ጋር አይገናኝም። ሁለት የባቡር አገልግሎት ባላት ከተማ አንዱ ከሌላው በሐዲድ የማይደረስበት መሆኑ የሚገርም ነው። አንዳንዶች ደግሞ ለአዲሶቹ መስመሮች ከባቡር ይልቅ በተለየ መንገድ የሚሄድ ፈጣን አውቶቡስ ይሻላል ይላሉ፤ ዋጋው ያነሰ ስለሆነ ሐሳቡ የሚናቅ አይደለም። ግን አውቶቡሱም በየስንት ደቂቃው ይመጣል የሚለውን ጥያቄ አያመልጥም።

ስለዚህ የማስፋፊያ ዕቅድ ለሕዝብ በሚቀርብበት ቀን ከካርታው ጎን ሌላ አንድ ገጽ አብሮ ይቅረብ፤ በየመስመሩ የሚሰማሩ ባቡሮች ቁጥር፣ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ በአንዱና በሚቀጥለው መካከል ያለው ደቂቃ፣ እንዲሁም መለዋወጫው ከየት፣ በምን ያህል ጊዜ እንደሚመጣ የሚገልጽ ገጽ።