«ገለልተኛ» ማለት ምን ማለት ነው?

የዛሬው ትምህርታችን ስለ አንድ ቃል ነው። ቃሉ «ገለልተኛ» ይባላል። አምስት ፊደል አለው፤ ገ፣ ለ፣ ል፣ ተ፣ ኛ። በሬዲዮ ዜና ይሰማል፤ በጋዜጣና በውል ወረቀት ላይም ይጻፋል።

ቃሉ የመጣው «ገለል» ከሚለው ነው። በጠባብ መንገድ ላይ ጭነት የያዘ አህያ ሲመጣ «ገለል በሉ» እንባባላለን፣ አይደል? ገለል ያለ ሰው ዳር ይቆማል እንጂ አገር ጥሎ አይጠፋም። እንግዲህ ገለልተኛ ማለት ሁለት ወገኖች ሲከራከሩ ወይም ሲዋጉ ከአንዱም ጋር ያልወገነ ማለት ነው። ፈረንጆች «ኒውትራል» ይሉታል። ከላቲን ቋንቋ የተወሰደ ሲሆን ትርጉሙ «ከሁለቱ አንዱንም ያልሆነ» ማለት ነው።

በመጀመሪያ ከምናውቀው እንነሳ። ሁለት ጎረቤታሞች በእርሻ ድንበር ተጣሉ እንበል። ሽማግሌ ይቀመጣል። ከሽማግሌዎቹ አንዱ የአንደኛው አማች ከሆነ ሌላው «እሳቸው ይነሱልኝ» ይላል። እውነት አለው። ሽማግሌ ገለልተኛ መሆን አለበትና። ታዲያ ገለልተኛ ሽማግሌ ፍርድ አይሰጥም ማለት ነው? አይደለም። የሁለቱንም ቃል እኩል ይሰማል፤ እውነቱ ከታወቀ በኋላ ግን «አንተ አጥፍተሃል፤ ካስ» ይላል። የእግር ኳስ ዳኛም እንዲሁ ነው። ለማንም አያዳላም፤ ጥፋት ሲያይ ግን ፊሽካውን ይነፋል።

በውል ወረቀት ላይ «አለመግባባት ቢነሳ ጉዳዩ በገለልተኛ ሽማግሌዎች ይታያል» የሚል መስመር ልታገኙ ትችላላችሁ። ማንበብ የማይችል ሰው በዚያ ወረቀት ላይ ጣቱን አስነክቶ ይሄዳል። እናንተ ግን አሁን ታነባላችሁ። ስለዚህ ከመፈረማችሁ በፊት ጠይቁ፤ «ሽማግሌዎቹን የሚመርጠው ማነው?» በሉ። ሁሉንም የሚመርጠው አንደኛው ወገን ብቻ ከሆነ ቃሉ በወረቀቱ ላይ አለ እንጂ ነገሩ የለም።

አሁን ወደ አገሮች እንሂድ። ስዊዘርላንድ ገለልተኛ አገር ናት። ገለልተኛነቷን ታላላቆቹ የአውሮፓ መንግሥታት እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1815 ተቀብለውላታል። ቤልጅግም በ1839 በተፈረመ ውል ገለልተኛ ተብላ ነበር። ይሁን እንጂ በ1914 የጀርመን ጦር ወረራት። ከዚህ ምን እንማራለን? ገለልተኛነት የሚጠቅመው ሌላውም ሲያከብረው ነው።

የቀይ መስቀል ነገርም እንዲሁ ነው። በ1864 በጄኔቫ የተፈረመው ስምምነት የቁስለኞች ማመላለሻና የጦር ሆስፒታሎች ገለልተኛ መሆናቸውን አወጀ። ሐኪሙ ቁስለኛውን «ከየትኛው ወገን ነህ?» ብሎ ሳይለይ ያክማል፤ ተዋጊም ሐኪሙን አይነካም። ይህ ሕግ በእኛው አገር ተጥሷል። በታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. የጣሊያን አውሮፕላኖች በዶሎ አቅራቢያ መልካ ዲዳ በተባለ ቦታ ሰፍሮ የነበረውን የስዊድን ቀይ መስቀል ሆስፒታል በቦምብ ደበደቡ። ተኝተው ይታከሙ የነበሩ ቁስለኞች ሞቱ።

ቃሉ በሥራ ቦታም አለ። የመኪና ሞተር እየሠራ ኃይሉ ወደ ጎማው የማይደርስበት ጊዜ አለ። ሾፌሮች «ዜሮ ማርሽ» ይሉታል፤ የፋብሪካው መጽሐፍ «ኒውትራል» ይለዋል። መኪና ቆሞ ሳለ ይህ ጥሩ ነው። ነገር ግን ነዳጅ እቈጥባለሁ ብሎ የዓባይን ቁልቁለት በዜሮ ማርሽ የሚወርድ ሾፌር ተሳፋሪውን ለአደጋ ያጋልጣል። መኪናውን የሚይዝለት ሞተር የለም፤ ፍሬኑ ብቻውን ይግላል፤ ሲግል ደግሞ መያዝ ያቅተዋል።

በመብራት መስመር ደግሞ አንዱ ሽቦ ፌዝ፣ ሌላው ኒውትራል ይባላል። አምፖል እንዲበራ ሁለቱም መገናኘት አለባቸው። ኒውትራሉ ከመሬት ጋር የታሰረ ነው። ስሙ ግን አያታላችሁ! መስመሩ ከተበጠሰ ኒውትራልም ሊገድል ይችላል። በእጃችሁ አትንኩት።

ገበሬዎችም ስሙ። የሎሚ ጭማቂ አሲድ ነው። አመድ የተዘፈዘፈበት ውሃ የዚያ ተቃራኒ ነው። ንጹሕ ውሃ ከሁለቱም አይደለም፤ ገለልተኛ ነው። በመለኪያው ቊጥሩ 7 ነው፤ ከ7 በታች አሲድ ይባላል። ዝናብ በሚበዛባቸው እንደ ጎጃምና ወለጋ ባሉ ስፍራዎች ብዙው መሬት አሲዳማ ነው፤ ገብሱም ይቀጭጫል። የተፈጨ የኖራ ድንጋይ በልኩ ሲበተንበት አፈሩ ወደ 7 ይጠጋል። ልኩን ግን አፈሩን ያስመረመረ የግብርና ባለሙያ ይንገራችሁ።

እንግዲህ ቃሉ አንድ ነው፤ ሥራው ግን ብዙ ነው። «ገለልተኛ» የሚል ስታነቡ «ከምንና ከምን መካከል?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ ትርጉሙን ያሳያችኋል።

አንድ ነገር ልጨምር። ጉልበተኛ ደካማውን ሲደበድብ እያየ «እኔ ገለልተኛ ነኝ» ብሎ ፊቱን የሚያዞር ሰው አለ። ይህ ገለልተኛነት አይደለም። እሱ ዝም ሲል ዱላው አይቆምም፤ ዝምታው የሚጠቅመውም ዱላ የያዘውን ነው። ገለልተኛ ሽማግሌ መጀመሪያ ዱላውን ያስጥላል፤ ከዚያ በኋላ ሁለቱንም ይሰማል።

የቤት ሥራ። «ገለልተኛ» የሚለውን ቃል በደብተራችሁ 3 ጊዜ ጻፉ። ከዚያም ቃሉ ያለበት ሁለት ዐረፍተ ነገር ሠርታችሁ ለጎረቤታችሁ አንብቡለት። ለሚቀጥለው ትምህርት በሰላም ያገናኘን። ደኅና ሁኑ።